«ችግር የለም» የሚሉ ደዋዮች

ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የጆሮ ማዳመጫውን ገልብጬ አጠለቅኩት። ማይክራፎኑ ግንባሬ ላይ ወጥቶ፣ እኔ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል ደዋይዋ «ሰው የለም እንዴ?» እያለች ትጮኻለች። አለቃዬ ዶና ከኋላዬ መጣችና አስተካከለችልኝ። ዶና ጃማይካ ተወልዳ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ያደገች፣ ስትስቅ ክፍሉን የምትሞላ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን አልሳቀችብኝም። ያንን ውለታ አልረሳሁትም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ድርጅታችን ቶሮንቶ ውስጥ የኪራይ ፎቆችን ያስተዳድራል። ቧንቧ ሲያፈስ፣ ሊፍት ሲቆም፣ ማሞቂያ ሲጠፋ ተከራዩ ወደ እኛ ይደውላል። የእኛ ሥራ ጥሪውን ተቀብሎ ደረጃ መስጠት ነው። አንደኛ ደረጃ ከሆነ ቴክኒሻኑ የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። ሁለተኛ ከሆነ በዚያው ቀን ይሄዳል። ሦስተኛ ከሆነ ተራው ሲደርስ።

ቢሯችን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ጉም ሲነሣ ከተማው ይጠፋል፤ በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ከዚያ ነጭ ውስጥ ፊት የሌላቸው ድምፆች ወደ ጆሮዬ ይመጣሉ። ከዓመታት በኋላ ሰውን በድምፁ ማየት ለመድኩ። እራት ላይ ባለቤቴ «ጌታሁን፣ የት ሄድክ?» ስትለኝ እውነቱን ብነግራት ኖሮ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የማላውቃት ሴትዮ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የቧንቧዋን ጠብታ እያዳመጥኩ ነው እላት ነበር።

ከድምፆቹ ሁሉ የሚያስቸግሩኝ የአገሬ አረጋውያን ነበሩ። ቤታቸው እየቀዘቀዘ ይደውሉና መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የልጆቼን ጤና ይጠይቃሉ። ከዚያ «ማሞቂያው ትንሽ እምቢ ብሎ ነው፤ ችግር የለም፣ ሲመቻችሁ» ይላሉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለባልደረቦቼም የሚሉት ይህንኑ ነው። ባልደረቦቼ ያመኗቸዋል። እኔ ግን ይሉኝታን አውቀዋለሁ፤ እየራበኝ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ የወጣሁበት ቤት ስፍር ቁጥር የለውም።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወደ ሕንጻው መወጣጫ እወጣና በራሴ ስልክ መልሼ እደውልላቸዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አሁን ምን ለብሰዋል?» «ካፖርቴን» ያለኝን ሰው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አሳድገዋለሁ። ኮፍያና ጓንት ከተጨመረ አንደኛ ይሆናል። ምክንያቱን የምጽፍበት ቦታ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። በራስ ስልክ ለተከራይ መደወልም ክልክል ነው። ለማንም ሳልናገር ዓመታት ሠራሁ።

አንድ መስከረም፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ እንዲኖረን ወሰነ። ሌሎቹ ድርጅቶች ስላላቸው እኛም ይኑረን ነው ነገሩ። አማካሪዎች መጡ። የመስታወቱን ግድግዳ በቢጫ ወረቀት ሞሉት፤ ሥራችንን ከጥሪ እስከ ጥገና በቀስት ሳሉት። ከብዙ ሐሳብ አንዱ ተመረጠ፦ ማሽኑ ጥሪውን አዳምጦ ደረጃውን ራሱ ይስጥ። መሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የሙከራ ጊዜ ተቆረጠ። ዶና «ይህን ሥራ ከጌታሁን በላይ የሚያውቅ የለም» ብላ ቡድኑ ውስጥ አስገባችኝ። ደስ አለኝ፤ ለሚስቴ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

የተሰጠኝ ሥራ የድሮ ጥሪዎችን እያዳመጥኩ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነበር። ማሽኑ የሚማረው ከእነሱ ነው። ያለፉት የበረዶ ወራት እንደገና ጆሮዬ ውስጥ ገቡ። ቤት የለቀቁ ሰዎች አሁንም ስለ ቤታቸው ያማርራሉ፤ ዛሬ ትልቅ የሆነ ሕፃን ከጀርባ ያለቅሳል፤ መሞታቸውን የሰማሁት አንድ ሽማግሌ «ነገ እጠብቃችኋለሁ» ይላሉ። ከቢሮ ስወጣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ የማውቃቸው ይመስለኛል። እንዲህ ሥራው ውስጥ ሰምጬ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

ከጎኔ የምትሠራው ሜሮን ነበረች፤ ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች የዳታ ባለሙያ። አንድ ቀን ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ጋሽ ጌታሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እነዚህ ከሦስት ወደ ሁለት የቀየሯቸው ቲኬቶች ሪዝን የላቸውም። ሰውዬው ራሱ ኖ ራሽ፣ አይቸኩልም እያለ እርስዎ አፕግሬድ አድርገውታል። ሞዴሉን ኮንፊውዝ እያደረጉት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሪሙቭ ላድርጋቸው? ለሞዴሉ ኖይዝ ናቸው፤ ያሳስቱታል እንጂ አያስተምሩትም።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን በራሴ ስልክ እደውል ነበር ብል፣ «ከእሱ በላይ የለም» ያለችኝን ዶናን በኮሚቴው ፊት ላሳፍራት ነው። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። እሷም አጠፋቻቸው፤ ቡናዬን እንኳ ጠጥቼ አልጨረስኩም ነበር።

ማሽኑ ለሳምንታት ከእኛ ጎን ለጎን እየሠራ ተፈተነ። ፈተናውን አለፈ፤ ሊጥሉት የሚችሉት ጥሪዎች ቀድመው ተሰርዘውለታል። በማጽደቂያው ስብሰባ ላይ ኬክ ቀርቦ ነበር። ዶና ወደ እኔ ዞረችና «ጌታሁን፣ የሚያሳስብህ ነገር አለ?» አለችኝ። ሁሉም አየኝ።

«የለም። ሁሉም ጥሩ ነው» አልኩ። ተጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ጥሪ መቀበል ተውኩ። ሥራዬ ስክሪን ማየት ሆነ፤ ስክሪኑ ደግሞ ሁሌም አረንጓዴ፣ ሁሉ ደኅና ነው የሚል ነበር። ውጭ በረዶ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቢሮው ጸጥ ብሏል፤ አንዳንዴ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም። በየሳምንቱ ጥቂት የሦስተኛ ደረጃ ጥሪዎችን መርጬ እንዳዳምጥ ታዝዣለሁ። አንድ ጠዋት አንዱን ከፈትኩ።

«ሄሎ፣ ማይ ሰን። ሂተር ኖ ወርክ። ኖ ፕሮብሌም። አይ ሃቭ ብላንኬት። ጋድ ብለስ ዩ።»

ድምፁን አወቅኩት። እማማ አስናቀች ናቸው፤ ዳንፎርዝ አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባለፈው ዓመት በምሳ ሰዓት የደወልኩላቸው። ጥሪው ከአምስት ቀን በፊት የተደረገ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግመው ደውለዋል፤ ማሽኑም «አይቸኩልም» ብሎ ከመጀመሪያው ጋር አያይዞታል። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ በራሴ ስልክ ደወልኩ።

«እማማ አስናቀች፣ ጌታሁን ነኝ፣ ከሕንጻው ቢሮ።»

«እንዴት ነህ ልጄ? ልጆችህ ደኅና ናቸው?» ድምፃቸው በጣም ቀጥኗል።

«ደኅና ናቸው። አሁን ምን ለብሰዋል?»

«ሁሉንም» አሉኝ። ከዚያ ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉም አላቆመም።

አምቡላንስ ጠራሁ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ለቀናት ይትረፉ አይትረፉ ሐኪሞቹ አያውቁም ነበር።

በዚያው ዕለት ዶናንና ሜሮንን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሜሮን አለቀሰች። «ኖይዝ ነው ስልዎት ለምን ዝም አሉኝ፣ ጋሽ ጌታሁን?» አለች። ዶና አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «እዚያ ክፍል ውስጥ ጠይቄህ ነበር» አለችኝ።

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

«እኔ መቼ እንዲህ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩህ?»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማሽኑ ለጊዜው ቆመ፤ የስትራቴጂው ሰነድም እንደገና ተጻፈ። አሁን ማሽኑ ማሞቂያ የጠፋበትን ሰው ሁሉ ምን እንደለበሰ ይጠይቃል፤ ሦስተኛ ደረጃ የተባለውን ሁሉ ደግሞ በዚያው ቀን ሰው ያየዋል። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ይገባኛል።

እማማ አስናቀች ሻል ሲላቸው ሆስፒታል ሄድኩ። አፍንጫቸው ላይ የኦክሲጅን ቱቦ አለ። «አስቸገርኳችሁ» አሉኝ።

«አላስቸገሩንም። ማሽኑ እንዳይሰማዎት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኳቸውና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። «ምን አጠፋህ ልጄ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ብርድ ነበር» አሉኝ። «በጣም ብርድ ነበር።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው፦ ማሽን የሚማረው ከተመዘገበው ብቻ ነው። ሳይመዘገብ በልምድ የምትሠሩት ነገር ካለ፣ ደንብ የጣሰ ቢሆንም፣ ስትራቴጂው ከመጽደቁ በፊት ተናገሩ።