የመካኒኩ አፍንጫ

በጋራዡ ውስጥ ሽማግሌውን መካኒክ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «አፍንጫው» ነበር የሚሉት። ያረጀ፣ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ መኪና ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቶ ያጎነብሳል። ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ሳብ ያደርግና፣ ወዳጁን በጠረኗ እንደሚለይ ሰው፣ ቱቦው የተሰነጠቀበትን ቦታ በጣቱ ይነካል። ጥገናው ሲያልቅም ዳግመኛ ያሸትታል። «ንጹሕ ነው» ካለ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፍተሻ የለም።

ያ አፍንጫ በክረምቱ ጉንፋን ሞተ። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ሽታ ግን አብሮት ሄደ። ሚስቱ ያወቀችው ድስቱ አጠገቡ እያረረ እሱ ጋዜጣ ሲያነብ ስታገኘው ነው።

«ለሰዎቹ ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? ዘፋኝ ድምፄ ጠፋ ብሎ አደባባይ ይወጣል?»

ከዚያ ወዲህ በዓይኑና በጣቱ እየዳሰሰ ይሠራል፤ ለራሱም ያንጎራጉራል፦

ያረጀ መኪና ዕቃ ይገዛለታል፣
ያረጀ ሰው ግና ምን ይተካለታል።

አንድ ማለዳ ወዳጁ ታክሲ ነጂ አሮጌ መኪናውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሐኪም ቤት የማደርሳት በዚችው ነው።»

«ምጥ የያዛትስ መኪናህን ነው» አለና ኮፈኑን ከፈተ።

ሞተሩ አጠገብ ደርቆ የተሰነጠቀ ቱቦ አገኘ። አውጥቶ አዲስ አስገባ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ በጨርቅ ጠርጎ ሞተሩን አስነሣ። ጠብ የሚል የለም። እንደ ልማዱ አጎነበሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሳብ አደረገ። ሰው የለቀቀውን ቤት እንደ ማንኳኳት ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ነጂው ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ወዲያው ከፍቶ ወጣ። «ጋሼ፣ ልትፈትነኝ ነው? ኋላ ወንበር ጋ እኮ ራስ ያዞራል።»

የጋራዡ ባትሪ ሠሪ ከማዶ ሳቀ። «አፍንጫው ንጹሕ ካለ ንጹሕ ነው። ይልቅ ያንተን ታከም።»

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፋ። ያች ነፍሰ ጡር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችው። እጁን በጨርቁ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«የሱ ደህና ነው። የሞተው የኔ ነው። ከክረምት ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

የባትሪ ሠሪው ሳቅ መሐል ላይ ቀረ።

«ና፣ ጎንበስ በል» አለው ነጂውን። «አንተ አሽትት፣ እኔ እፈታለሁ።»

የኋላውን ወንበር አነሡ። ነጂው ተንበርክኮ «እዚህ… አይ፣ ወደ ግራ» እያለ መራው። ከታንኩ በላይ ያለው ቀጭን ቱቦ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረበት። ለወጠው። ሽታው እስኪወጣ በሮቹን ከፍተው ጠበቁ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። የጋራዡ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ሽማግሌው አዩ፤ እሱ ወደ ነጂው አየ።

ነጂው አሸተተ። በሰው ወንበር ላይ ሳያውቅ እንደተቀመጠ እንግዳ አፍሮ፣ «ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው ሽማግሌው። እሱን ግን በሙያ ዘመኑ ሁሉ አንድም ሰው ይህን ጠይቆት አያውቅም ነበር።