ከጣውላው ማዶ የሰማነው ፊልም

ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ያለው ይህ ቤት ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ አያጣውም፤ የማዳም እህቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ስለሚመጡ ሩዙ የሚቀቀለው በትልቁ ድስት ነው፣ እኔም ከዐስር ሶላት ጀምሮ ከማድቤቱ አልወጣም። ውሃው ለሦስተኛ ጊዜ ተቀይሮ ሊጠራ ሲል ከሳሎን ሙዚቃ መጣ፤ ብዙ ማሲንቆ ባንድ ላይ የሚመታ የሚመስል፣ አምስት ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ሁለት ወደ ታች የሚወርድና መጨረሻው ላይ አንዷን ይዞ የሚቆይ። እጄ ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አሁን ከሥሩ ያ ወፍራም ጡሩምባ ይገባል ብዬ ሳልጨርስ ገባ። ይህን የልጆች ፊልም አንድም ቀን በዐይኔ አይቼው አላውቅም፣ በጆሮዬ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ።

ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ሪያድ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ሆኛለሁ፣ ጉንጬ እንዳለ አውቃለሁ፣ የኔ ግን አይመስለኝም። ማዳም መጥፎ ሰው ሆና አይደለም፣ እንዲያው ሲከርም እንደዚህ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ስለነበር ወይ ለሁለት ዓመት ይታደስልሻል፣ ወይ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶልሽ ጠቅልለሽ ትገቢያለሽ፣ እስከ ሐሙስ ንገሪኝ ብላኝ ነበር። ልጄ ሐያት ኮምቦልቻ ወንድሜ ሰይድ ጋ ናት፤ ትቻት ስወጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ይታደስ ልል ወስኜ ነበር። መወሰንም አይባልም፣ ሩዙን ካቀረብኩ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነው የተውኩት።

እኛ ያደግነው ኮምቦልቻ፣ የእናታችን ታናሽ እህት እትዬ ዘሀራ ቤት ነው። ያንን ቤት ከጋሽ ይመር ቪዲዮ ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ እትዬ ዘሀራ ዒድ በመጣ ቁጥር በአሮጌው ጋዜጣ ላይ አዲስ ጋዜጣ ስለምትለጥፍበት ከጣውላው ይልቅ ጋዜጣው ይወፍር ነበር። ጋሽ ይመር ቴሌቪዥኑን ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ አስቀምጦታል፣ ትልቁን ስፒከር ደግሞ እኛ አልጋ ራስጌ ትክክል ሰቅሎታል። ለአዋቂው የድብድብ ፊልም ሞልቶታል፤ ለልጆች ግን የነበረው ካሴት አንድ ብቻ ነው፣ እሱኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ሐፍረት ይደጋግመዋል። የከተማው ልጅ ሁሉ ገብቶ ያያል። እኛ አንገባም፤ እትዬ ዘሀራ ቪዲዮ ቤት የገባ ልጅ ዐይን አውጣ ይሆናል ብላ ታምናለች፣ ይህን ስትል ደግሞ ጋሽ ይመርን እያየች ነው።

መስማትን ግን አልከለከለችም፤ ማን ብሎ ይከለክላል። እኔ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰይድ ዘጠኝ። ቅዳሜ ምሳ ከበላን በኋላ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን ጆሯችንን ጋዜጣው ላይ እንለጥፋለን፤ ወበቅ በሆነ ቀን የጋዜጣው ቀለም ጆሯችን ላይ ስለሚቀር እትዬ ዘሀራ እሁድ ጠዋት ስታጥበን ዛሬ ደግሞ ምን ጽፋችሁ መጣችሁ ትለን ነበር። ንግግሩ የፈረንጅ ነው፣ ያውም ግድግዳው ግማሹን ይበላዋል። ሙዚቃውን ግን አይነካውም። ስለዚህ ታሪኩን ያገኘነው ከመሣሪያዎቹ ነው፣ እንዴት እንደለመድነው አላውቅም፣ ማንም አላስተማረንም።

መጀመሪያ ያወቅናት ልጅቷን ነው። እሷ በጣት የሚነካ ክራር መሳይ ነገር ነበራት፣ ቱር ቱር የሚል፤ ስትሮጥ ይፈጥናል፣ ስትፈራ አንድ አንድ እያለ ይንጠባጠባል፣ ዜማው ግን ያው ስለሆነ ሌላ ሰው መጣ ብለን ተሳስተን አናውቅም። ልጅ መሆኗን እኔ ነኝ የወሰንኩት፣ ሹሩባ የተሠራች። ወፍራም ሆዳም መሣሪያ ነበር፣ ጠግቦ እንደሚያገሳ ሰው የሚል፣ እሱን አጎቷ አልነው፤ ሰርግ ቤት ቀድሞ ተቀምጦ መጨረሻ የሚነሳ ዓይነት አጎት። ያን የሚያስፈራውን ጡሩምባ ደግሞ ዘበኛው አልነው፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አርፍደን ስንመጣ በሩን ዘግቶ የሚናገረው በዚያ ድምፅ ነበርና። ደስ የሚለን ልጅቷ ቱር ቱር እያለች ዘበኛው ከሥሯ በቀስታ ሲገባ ነው፤ እሷ ከኋላዋ መኖሩን አታውቅም፣ እኛ እናውቃለን። ሰይድ ያኔ ክንዴን ይቆነጥጠኛል፣ ኋላሽን እይ ለማለት ያህል፣ የሚቆነጠጠው ግን እኔ ነኝ።

የልጅቷ እናት እነዚያ ብዙዎቹ ማሲንቆዎች ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ ቤቱን ይሞሉታል፣ የልጅቷም ክራር መሃላቸው ገብታ አብራ ትሄዳለች፣ ያን ጊዜ ተቃቅፈዋል እንል ነበር። ከዚያ ዘበኛው ይመጣል፣ ከበሮ ይመጣል፣ ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ የእትዬ ዘሀራ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ጭጭ። በዚያ ጭጭታ ውስጥ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ቀጥሎ አንዲት ዋሽንት ብቻዋን የእናትየዋን ዜማ ትጀምራለች፤ አምስት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ አንዷን ይዛ ትቆያለች። ሰይድ መጣች ይላል። ፊልሙ እስኪያልቅ ዋሽንቷ አራት ጊዜ ትመለሳለች፣ እሱም አራቱንም ጊዜ መጣች ይላል፣ እኔም በጣቴ እቆጥራለሁ።

እናታችን ዐረብ አገር የሄደችው በዚያው ዓመት ነው፣ እዚሁ ሪያድ። ያኔ ስልክ እንዲህ በየኪሱ የለም፤ ድምፅዋን በካሴት ቀርጻ ለሚመጣ ሰው ትሰጥልን ነበር። እንዴት ናችሁልኝ ልጆቼ ብላ ትጀምርና ለእትዬ ዘሀራ ሰላምታ፣ ለጎረቤት ሁሉ በየስሙ ሰላምታ፣ ለኛ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሦስት ካሴት መጣ። አራተኛው አልመጣም። እኔ ግን ሂሳቤን ከፊልሙ ሠርቼዋለሁ፤ ያቺ እናት አራት ጊዜ ከመጣች የኔ እናት አንድ ጊዜ መምጣት አያቅታትም። ይህን ለእትዬ ዘሀራ ብነግራት ጤናሽ ነው ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ለዒድ ሰይድ የዒድ ሳንቲሙን ይዞ ተደብቆ ቪዲዮ ቤት ገባ። እኔ አዲሱን ቀሚሴን እንደለበስኩ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፣ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ ምን ለብሳለች አልኩት። ቀይ ቀሚስ አለኝ። እናቷስ መጣች ወይ አልኩት። ቀሚሴን አየና፣ መጣች አለኝ፣ ቤታቸው በር ላይ ነው የተገናኙት። ከዚያች ቀን በኋላ ሰይድ ጆሮውን ግድግዳ ላይ አላደረገም፤ አድጌያለሁ፣ የሕፃን ነገር ነው እያለ ኳሱን ይዞ ይወጣል። እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ፣ ቀይ ቀሚሷንም ጨምሬ።

እማ መቼ ነው የምትመጣው ብዬ እትዬ ዘሀራን የምጠይቃት ዓርብ ዓርብ ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ ነው ትለኛለች፣ መልሱም ጥያቄውም እንደ ሰላምታ ሆኖ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ዓርብ አልጠየቅኩም። የነገረኝ ሰው የለም፣ ያየሁት ሕልም የለም፣ ዝም ብዬ ተውኩት፤ የሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚሁ አለፈ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ እናቴ ታማ ከሞተች ዓመታት እንዳለፉ፣ እዚያው ሪያድ እንደተቀበረች ሲነገረኝ አላለቀስኩም፤ እትዬ ዘሀራ ያለቀሰችው እኔ ስላላለቀስኩ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የት መቃብር እንደሆነች ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እንግዲህ ያን ሐሙስ እጄ ሩዝ ውስጥ እንዳለ ሪማስ፣ የማዳም ትንሿ ልጅ፣ ማድቤት እየሮጠች መጣችና ቀሚሴን ያዘች። ያላ፣ ነፋሱ ሊመጣ ነው፣ ብቻዬን አላይም አለችኝ። እርጥብ እጄን እንደያዝኩ ሄጄ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ፊልሙንም አየሁት።

ልጅቷ ልጅ አይደለችም። ወፍ ናት፣ የዝይ ጫጩት፤ ቀይ ቀሚስ ይቅርና ላባዋ ራሱ ገና አልሞላም። አጎትየው ኤሊ ነው፣ በዚህስ ብዙም አልተሳሳትንም። ዘበኛ የሚባል ነገር የለም፤ ያ ጡሩምባ ነፋስ ነው፣ ባሕር የሚሻገሩ ወፎችን የሚበትን ነፋስ። እናቲቱ ጫጩቷን በክንፏ ሥር አድርጋ እስከምትችለው ታገለች፣ ከዚያ ከበሮው መጣና ወደቀች። ጭጭ አለ። እዚህ ጋ ይለቀሳል አለችኝ ሪማስ፣ ፊቴን ዞራ እያየች፣ እኔ ደግሞ እናቲቱን እየፈለግኩ ነበር። ዋሽንቷ ጀመረች። ሥዕሉ ላይ ጫጩቷ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ሌላ ማንም የለም። ሁለተኛ ስትመለስ ጫጩቷ ነጭ ደመና አይታ ነው። ሦስተኛ ተኝታ ነው። አራተኛው ላይ አድጋለች፣ ባሕሩን ተሻግራ ደርሳለች፣ ዜማው መጣ፣ የባሕሩ ዳርቻ ባዶ ነው። እናቲቱ አንድም ጊዜ አልተመለሰችም። ጫጩቷ ባስታወሰቻት ቁጥር ነው ዋሽንቷ የምትመጣው፣ ለዚያ ነው አንድ ብቻዋን የሆነችው፣ እነዚያ ሁሉ ማሲንቆዎች ከእናቲቱ ጋር ስለሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማው ዋሽንቷ ብቻዋን ለምን ሆነች ብዬ ራሴን አንድም ቀን አለመጠየቄ ነው የገረመኝ።

ማድቤት ስመለስ ሩዙ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። እሳት ላይ ጣድኩትና ለሰይድ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ያኔ ለዒድ ገብተህ ያየኸው ፊልም፣ እናትየዋ ሞታ ነበር እንዴ አልኩት። የትኛው ፊልም ነው አላለኝም።

"አዎ" አለ። "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እህቴ፣ አንቺ ደግሞ በሩ ላይ አዲስ ቀሚስሽን ለብሰሽ ቆመሻል። ወላሂ፣ ቀይ ቀሚሱ ከየት እንደመጣልኝ እንኳ አላውቅም።"

አልተቆጣሁትም፣ የምቆጣበት ቦታ ተፈልጎ አልተገኘም። ሐያትስ እናቴ መቼ ትመጣለች ስትልህ ምን ትላታለህ አልኩት።

"ትመጣለች እላት ነበር።"

"ነበር?"

"ኸረ ትታዋለች። ካለፈው ዒድ ወዲህ አትጠይቅም፣ ሁለታችንም አረፍን" አለኝ፣ ነገሩ ቀሎለት።

ሐያት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስልኩን ዘግቼ ክዳኑን ገልጬ ሩዙን አየሁት፣ ክዳኑንም መለስኩት። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል በስልክ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት የገባችበትን ቀን በስልክ አይቻለሁ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ የቦርሳዋ ቀለም ሳይለይልኝ። ቁመቷ የት እንደሚደርሰኝ አላውቅም፤ ደረቴ ጋ ይሁን ትከሻዬ ጋ፣ ይህን ስልክ አያሳይም። ምን ያህል እንዳለፈኝ ልቆጥር ብሞክር ያላየሁትን ከየት አምጥቼ እቆጥረዋለሁ።

ሳሎን ስገባ የማዳም እህቶች መጥተዋል፣ ሪማስም ለአክስቶቿ ልጆች ፊልሙን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምራዋለች። ማዳም ሻይዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳይታደስ፣ ኹሩጅ ነው የምፈልገው አልኳት። ረመዳን ሊገባ ነው እኮ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ኸላስ፣ እንዳልሽ አለችና ሩዙ ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እዚያው ቆሜ ነበር። እናቲቱ ገና አልወደቀችም፣ ማሲንቆዎቹ ሁሉ አሉ፣ ክራሯም መሃላቸው ገብታለች። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ሐያት በሩ ላይ ስታየኝ ሮጣ ትመጣለች ብዬ አላስብም። እኔ ራሴ በዘጠኝ ዓመቴ እናቴ በዚያ በር ብትገባ ኖሮ ከእትዬ ዘሀራ ቀሚስ ኋላ ነበር የምደበቀው። ቢሆንም ብትገባ ነበር የምፈልገው።