አስር ኪሎ ያልናት ልጅ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሲገባ ነው። ልጄ ትርንጎ አሁን ትሮጣለች፣ ትዘላለች። እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጽፈው የተነሳሁትም ምናልባት ቢወጣልኝ ብዬ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለችው አማኑኤል ከተማ ነው፤ እህል ነጋዴ ነኝ። ጤፍና ስንዴ ስመዝን ነው የምውለው። ጆንያ ብድግ አድርጌ ኪሎውን ብናገር ብዙም አልስትም። ይህን የምላችሁ ልኩራራባችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ጥፋቴን እንድታውቁልኝ ነው።

ትርንጎ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ድብልብል ያለች ልጅ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ከጉልበቴ በታች አመመኝ ብላ አነከሰች። ወድቃ ይሆናል አልን። በማግስቱ ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ፣ እግሯንም መርገጥ አቃታት። ሚስቴ አራስ ስለነበረች ከእናቴ ጋር ሆነን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ አዝላታለች።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ልጅ አደገ፣ ወፈረ፣ አማረ ሲባል መስማት አትወድም። በሰው ዓይን ያስበላል ትላለች። አንዷ ጎረቤት አፏ አምልጧት "ውይ፣ እንዴት ወፍራለች!" ካለች፣ "ኧረ እንትፍ በይባት! ምን ወፍራ፣ እብጠት ነው እንጂ" ብላ ልጅቷን ቀሚሷ ውስጥ ትሸሽጋታለች። ዕድሜዋንም ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ቀንሳ ነው የምትናገር።

ክሊኒኩ በሰው ተጨናንቋል። የምርመራው ክፍል በር ክፍት ነው፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ወደ እኛ ያያል። ነርሱ ካርዱን እየጻፈ፣ "እማማ፣ ያውርዷትና እንመዝናት" አላት።

"ኧረ ልጄ፣ ብርድ ይመታታል! ምን ኪሎ አላት ብለህ ነው፣ አጥንት ብቻ እኮ ናት። አስር ብትሞላ ነው" አለች።

ሰውዬውም ከጋቢው የወጣች ጣቷን እንኳ ሳያይ አስር ብሎ ጻፈ። ሚዛኑ እኮ እግሩ ሥር ነው! ኧረ በሕግ አምላክ!

እኔስ? አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያቺን ልጅ በየቀኑ አነሳታለሁ። አስር ኪሎ አለመሆኗን እጄ ያውቃል። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ዝም አልኩ።

ሽሮፕ ታዘዘልን። ሚስቴ ሰዓቱን ጠብቃ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ሰጠቻት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲል እናቴ "ይኸው!" ብላ እልል አለች። በአምስተኛው ቀን ግን እግሯ አበጠ፣ ቀላ። ስንነካት ጩኸቷ ጎረቤት ይጠራ ጀመር። ያገኘነው መኪና ላይ ተሳፍረን ደብረ ማርቆስ፣ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ደረስን።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው ጋቢውን አስፈትታ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። አስራ ዘጠኝ ኪሎ። የመድኃኒቱን ወረቀት አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

"ይህ የታዘዘው ለአስር ኪሎ ልጅ ነው። ልጅዎ እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራት" አለችኝ። "ሕመሙ ያለው አጥንቷ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ላይ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ለአጥንት እንዲያውም ከሌላው ሕመም ከፍ አድርገን ነው የምንሰጠው። እናንተ ግማሹን ሰጣችኋት። ትኩሳቷን አበረደላት፣ አጥንቷ ውስጥ ያለውን ግን አላሸነፈውም።"

"እግሯስ?" አልኳት።

"ከፍተን መግሉን ማውጣት አለብን። እንደ ፊቱ መራመዷን ከዚያ በኋላ ነው የምናየው።"

ወይ ነዶ! ውጭ ወጥቼ እናቴ ላይ ጮህኩባት። በዕድሜዬ እሷ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትይ አልነበር? ኪሎዋን ምን ብለሽ ነው የምትደብቂ!" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የትርንጎ እግር ተከፈተ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ በኪሎዋ ልክ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ቤት ከገባችም በኋላ ለሳምንታት የሚዋጠውን ወሰደች። ተመስገን፣ እግሯ ዳነ።

ለመጨረሻው ቀጠሮ እናቴም አብራን መጣች። መተላለፊያው ልጅ በታቀፉ እናቶች ጢም ብሏል። ነርሷ ብቅ ብላ "ኪሎዋ ስንት ነው?" ከማለቷ፣ እናቴ ብድግ ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ሃያ ኪሎ ናት! አምስት ዓመቷን ጨርሳለች! አላምን ካልሽ መዝኛት" አለች። የልጅቷን ሹራብና ጫማ በገዛ እጇ አውልቃ ሚዛኑ ላይ አቆመቻት።

እኔስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ዞር ብዬ፣ ማን ሰማብን እያልኩ የእነዚያን እናቶች ዓይን አንድ በአንድ አየሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ዝም ያሰኘኝ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ለካ እኔም የሰው ዓይን እፈራ ኖሯል። እናቴስ ፍርሃቷን በአፏ ተናግራለች፤ እኔ እሱንም አልተናገርኩ። እሷን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከራሴ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቅሁም።