በጨርቁ ጥግ የታሰረችው በርበሬ

ከክፍል ውስጥ ነው የወሰዱኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩት ስሌት ሳያልቅ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ቲቸር፣ አንዴ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ያ «አንዴ» አስራ አራት ወር ፈጀ። ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ምርጫው የተናገርኩት ነው። ዝም ማለት አልችልበትም፤ ያኔም አልችልበትም፣ ዛሬም አልችልበትም።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። አስራ ዘጠኝ ሰዎች እንተኛበት ነበር። አንዱ ጎኑን ሲያዞር ጎረቤቱ አብሮ ካልዞረ መተኛት የሚባል ነገር የለም። ቀን ቆርቆሮው ይግልና ከሰዓት በኋላ ከጫሞ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲመጣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ በሩ ሽንቁር እናዞራለን።

ረቡዕና ቅዳሜ ታላቅ እህቴ ከገጠር፣ ከጫኖ ትመጣልኝ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሙዝ ተክላ፣ ሙዝ ሸጣ አስተማረችኝ። በሶ ስታመጣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትቋጥረዋለች፤ በጨርቁ አንድ ጥግ ደግሞ በርበሬና ጨው ለብቻው ታስራለች። ቋጠሮዋ በጣም ስለሚጠብቅ የምፈታው በጥርሴ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኛል።

መጨረሻ የተገናኘንበት ቅዳሜ ግን ተጣላን። ተሳስቻለሁ ብዬ ወረቀት ላይ ብፈርም እንደምፈታ ሰው ነግሯት ኖሮ፣ ከሽቦው ማዶ ቆማ ለመነችኝ።

«ፈርምና ውጣ፣ ልጄ። ወረቀት እኮ ነው። ወረቀት ምን ያደርግሃል?»

«አንቺ ማንበብ አትችዪም፤ ስለ ወረቀት አትንገሪኝ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። በእሷ ሙዝ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት።

በማግስቱ አፈርኩ። ረቡዕ ስትመጣ ይቅርታ ልጠይቃት ወስኜ የምናገረውን ሦስት ቀን ሙሉ ሳሰናዳ ከረምኩ። ረቡዕ ሲደርስ በሩ ተዘጋ። አተት ገብቶ ነበር። በከተማውም በገጠሩም ሰው በተቅማጥ እየወደቀ ስለሆነ ጠያቂ ተከለከለ፤ ከቤት የሚመጣ የበሰለ ምግብም ቀረ፤ ደረቅ ነገርና ሳሙና ብቻ በዘበኛ እጅ ይገባል ተባለ። አንድ የጤና ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ «አትጨባበጡ፤ ተራርቃችሁ ተቀመጡ» አለን። አብረን ካልዞርን መገልበጥ ለማንችል ሰዎች!

ቅዳሜ በሶ መጣልኝ፤ ግን በፌስታል። ቋጠሮ የለም፣ በርበሬም የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። አኩርፋለች አልኩ በልቤ። ሙቀቱን፣ የበረኪናውን ሽታ፣ የተዘጋውን በር ሁሉ ቻልኩት፤ ያ ቋጠሮ የሌለው ፌስታል ግን አላስተኛኝም። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ቀን ቀን ቀልድ አበዛሁ። የሚገርመው፣ የሚስቅልኝ ሰው እያነሰ መጣ። ውሃ የመቅዳት ተራዬን ሌሎች ይወስዱብኛል። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ በሱቃቸው ስብሰባ ተደርጓል ተብለው የታሰሩ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው በሽንቁሩ በኩል ያለውን የራሳቸውን ቦታ ለቀቁልኝ። ወደ ሩቅ እስር ቤት ሊያዛውሩኝ ነው፣ እነዚህ ሰምተዋል ብዬ ጠረጠርኩ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ካቦው ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ። ስነሳ ሁሉም ፍራሹን ጠቅልሎ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። እንደዚያ ሰው ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ለምን እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ከእንግዲህ ማን እንደሞተ መስማት ብቻ ነው የቀረኝ።

«እህትህ ናት» አሉ ካቦው። «በሽታው ነው። ታማ ሁለት ቀን አልቆየችም።»

ለካስ የእህቴ ባል በር ድረስ መጥቶ ተከልክሎ፣ ለዘበኛው ነግሮ፣ ዘበኛው ለካቦው ነግሯል። ቤተሰቡ «መርዶውን እኛው ራሳችን እንድናረዳው አደራ፣ በሩ እስኪከፈት ዝም በሉ» ብሎ ነበር። አስራ አንድ ቀን ደበቁኝ። ከዚያ በሩ ገና አንድ ወር እንደማይከፈት ተሰማ።

«ሳቅህ ነው ያስጨነቀን» አሉኝ ከገረሴ መጥተው አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ። «እህቱ አፈር ገብታ ሰው ዝም ብሎ ይስቃል? እኛስ እያየን? ይሄ ነውር ነው አልን።»

እጄን ስሰድ የያዝኩት የካቦውን ክንድ ነበር፤ አትጨባበጡ የተባለውን ሁለታችንም ረሳነው።

«እኛ ዘንድ ሟች ዝም ተብሎ አይሸኝም» አሉ ሸማኔው። «ያለህን ንገራት።»

ተነሳሁ። ሦስት ሳምንት ያሰናዳሁት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም። «እህት ዓለም» አልኩ፤ «ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፣ ሰው ፊት ይቅር በይኝ። አንቺ ባትኖሪ አንድ ፊደል አላውቅም ነበር።» ከዚያ ተቀመጥኩ። አስራ ስምንት ወንዶች አለቀሱልኝ፤ አብዛኞቹ አይተዋት አያውቁም።

ዘበኛው ለቆጠራ በሩን ከፈተ። «ተነሱ!» አለ እንደ ልማዱ። ማንም አልተነሳም። ካቦው ከተቀመጡበት «ለቅሶ ቤት ነው፣ ወንድሜ» አሉት። መልእክቱን ያመጣው እሱ ነበርና ገባው። ቆቡን አወለቀ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደተቀመጥን ቆጠረን። ሦስት ቀን እንደዚያ ቆጠረን።

ከወር በኋላ በሩ ለጠያቂ ሲከፈት አምስት ዘመዶቼ መጡ፣ የእህቴ ባል ጢሙን እንዳሳደገ። ከሽቦው ማዶ ቆመው ተያዩ። «እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለኝ የእህቴ ባል። ያን ያህል ጊዜ ተሸክመውት የኖሩትን መርዶ አውቃለሁ ብዬ እንዴት ልንጠቃቸው? መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንዲያረዱኝ ተውኳቸው። ሳለቅስ ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ሊሄዱ ሲሉ የእህቴ ባል ከኪሱ የተጣጠፈ የነጠላ ቁራጭ አወጣ። በአንዱ ጥግ ትንሽ ቋጠሮ ነበረበት።

«በሩ በተዘጋ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሳትታመም፣ በእጇ ነው የቋጠረችው። ጨርቅ አይገባም ብለው ሲመልሱኝ በሶውን በፌስታል ገልብጬ ላክሁልህ፤ ይሄ ኪሴ ቀረ። ‹በርበሬ ከሌለው አይበላም፣ እሱ እንደ አመሉ ነው› እያለች ስትስቅ ነበር።»

ወረቀቱን ሳልፈርም ተፈታሁ። ዛሬም ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ስብሰባ ላይም ከመናገር አልዳንኩም። ጨርቁ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። የበርበሬዋ ሽታ ጠፍቷል። አንዳንድ ቅዳሜ አውጥቼ ቋጠሮውን በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ አሁንም ጥብቅ ነው፤ አልፈታሁትም። ስትቋጥረው አልተቀየመችኝም ነበር።