ጨው የሌለው ሞራ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን መታ መታ ማድረግ ሲጀምር፣ የአባቴን መሮ ከሳጥኑ አወጣና ሞራ እቀባዋለሁ። መሮው እንጨት ከነካ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሞራው ፍም ላይ ሲቀልጥ ላንቺ የሚሸትሽ ሞራ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ምላሴ ላይ ይመጣል። ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ ብቻዬን ብሆንም እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

አባቴ አናጢ ነበር፤ ከሸዋ መጥቶ መቐለ የቀረ ሰው። ቤታችን ከጨው ገበያው ዳር ሆና ከአንድ ነጋዴ የጨው መጋዘን ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። በበጋ ግመሎቹ ከአፋር ያመጡት አሞሌ እስከ ጣሪያው ይደረደራል። ክረምት ሲመጣ ጨው ያለቅሳል፤ እርጥበቱን ጠጥቶ ጠጥቶ መልሶ ያነባዋል። የኛም ግድግዳ አብሮ ያልበው ነበር፤ በጣትሽ ነክተሽ ብትቀምሺው ጨው ጨው ይላል። አባቴ "በዚህ ጉርብትና ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀይ ነው" ይል ነበር።

ስለዚህ ብረት ይለብስ ነበር። ክረምቱን የማይሠራባቸው መሣሪያዎች ሁሉ በአመድ ይታሻሉ፤ ፍም አጠገብ ይሞቃሉ፤ ትኩስ እንዳሉ ከሰም ጋር የቀለጠ ሞራ ይቀባሉ፤ ከዚያ በዚያው ሞራ በተነከረ ወረቀት ተጠቅልለው ከሰል በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ። ከሞራው የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው እንዳይነካው። የገበያው ሥጋ ሻጮች እንዳይሸትባቸው ጨው ይነሰንሱበት ነበርና አባቴ ሳይቀምስ ገዝቶ አያውቅም።

ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት አባቴን ወባ ጣለው። ሥራው ሁሉ በረዳቱ እጅ ላይ ወደቀ። ረዳቱ ወሎዬ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ መጋዝ ሲሞርድ ለየጥርሱ የሚያንጎራጉርለት ሰው። እኔ "አያ" እለዋለሁ፤ እሱ "እሜቴ" ይለኛል፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷን ልጅ።

ሞራውን ገዝቶ መጣና ግቢው መሃል ቆመ።

"እሜቴ፣ ነይማ ቅመሽልኝ።"

"አንተ ለምን አትቀምሰውም?"

"የናንተ እርድ ነዋ። ብቀምሰው አላህ ይታዘበኛል፤ ሳላስቀምስ ብቀባው አባትሽ ይገድለኛል። የቱ ይሻለኛል?"

እየሳቅሁ በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አኖርሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ሰም ሰም ይላል። ጨው የለውም። "ንጹሕ ነው" አልሁት።

"እንግዲህ ምስክሬ አንቺ ነሽ" አለ። በጨዋታ ነው ያለው።

ወረቀቱንም ከገበያ ያመጣው እሱ ነበር፤ ግማሹ ባዶ የስኳር መጠቅለያ፣ ግማሹ የተቀደደ መጽሐፍ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አድጌ፣ እኩዮቼ ሲዳሩ ነው። ፊደሉን ግን ቀድሜ ከጎረቤታችን ቄስ ደጅ ቆሜ፣ ወንዶቹ ሲጮኹ እየሰማሁ ለቅሜዋለሁ። የሚነበብ ነገር ቤታችን አልነበረም። ያን ክረምት ግን ሳጥኑ ውስጥ መጽሐፍ ተኛ።

መርከቡ የሰጠመበት አንድ ነጋዴ አገሩ ለመግባት መንከራተቱን የሚተርክ ነበር። ሐምሌን ሙሉ፣ አባቴ ሲያንቀላፋና አያ ለሰው እንጨት ሊሰነጥቅ ሲወጣ፣ ሳጥኑን እከፍት ነበር። አንዱ ገጽ መሮው ላይ ነው፤ ተከታዩ መጋዙ ላይ፤ ሌላው መላጊያው ላይ። ታሪኩን ከብረት ብረት አሳደድሁት። ያነበብሁትን አልመለስሁም፤ ልደግመው ከመደቤ ሥር ደበቅሁት። ብረቱ እንዳይበርደው ደግሞ ከተረፈው የስኳር ወረቀት አውጥቼ ደረቁን ጠቀለልሁለት። ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ደረቅ ወረቀት ሞራውን ከብረቱ ላይ መጠጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ወዝቶ ያየው ሁሉ የተነከረ ይመስለዋል፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን ራቁቱን ቀርቷል።

አባቴ በመስቀል ማግሥት ከአልጋው ተነሣ። የቤተ ክርስቲያን በር እንዲሠራ ታዝዞ ነበር። ሳጥኑን ግቢ አውጥቶ መሣሪያውን አንድ በአንድ ፈታ። የጨው ነጋዴው ሚስት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "እዋይ! በርበሬ ነው እንዴ የተጠቀለለው?" አለች። ማንም አልሳቀም። የመጋዙ ጥርሶች ተበልተው ነበር።

አባቴ ወደ ረዳቱ ዞረ። "ጨው ያለው ሞራ ቀባህልኝ!"

"ወላሂ ጨው የለውም፣ ጌታው።"

"ቀመስከው?"

"እኔ እንዴት ብዬ?"

"ታዲያ ማን ቀመሰው?"

አያ ከመሮው ላይ የወደቀውን ወረቀት አንሥቶ አገላበጠው። ፊደል የለበትም። እሱ ሲጠቀልለው ነበረበት። ከዚያ ዐይኑን ወደ እኔ አነሣ። ቁጣ የለበትም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

አባቴ ዐይኑን ተከትሎ አየኝ። "አንቺ ነሽ የቀመስሽው?"

ቀምሻለሁ ብል "ታዲያ ምን አዛገው?" ማለቱ አይቀርም። ከመደቤ ሥር ያሉት ገጾች ታዩኝ።

"አልቀመስኩም" አልሁ።

"ከዛሬ ጀምሮ እጅህ ከሳጥኔ ይራቅ!" አለው አባቴ። የሰው መሣሪያ ያበላሸ ረዳት በዚያች ከተማ የሚያስገባው አናጢ አልነበረም፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

አያ "እሺ" አለ። "ያዛግኩትን ሳላጸዳ ግን አልሄድም።"

ያዛግኩትን፣ አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ በሎሚና በአመድ፣ በተወቀጠ ሸክላ አሸው። ሎሚው የተሰነጠቀ ጣቱ ውስጥ ሲገባ "እፍ" ብሎ እጁን ያራግባል። ውኃ የማቀብለው እኔ ነበርሁ፤ ውኃው ቀይ ሆኖ በግቢው ይወርዳል። ጣሳውን በሰጠሁት ቁጥር ልነግረው አፌን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አነጋገረኝ። መሮውን ወደ ፀሐይ አዙሮ "አየሽ፣ ቀዩ ይለቃል። የበላው ጉድጓድ ግን እንዳለ ነው" አለ። ስለ ብረቱ ነበር የሚያወራው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመንገደኞች ጋር ወደ ደቡብ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ሳጥኑን ከፈትሁት። ብረቱ ሁሉ ባዶ ወረቀት ለብሷል፤ ወረቀቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሞራ ጠጥቷል። መላጊያው አጠገብ ግን አንድ የታተመ ገጽ በአራት ታጥፎ፣ ምንም ቅባት ሳይነካው ተቀምጧል። ፈልጌ ያጣሁት የመጨረሻው ገጽ ነው። አያ ማንበብ አይችልም። ፊደል ያለበት ወረቀት ተርፎ ሲያገኝ ግን ለማን እንደሚያስቀምጠው ዐወቀ። ቆሜ አነበብሁት። ነጋዴው አገሩ ገብቷል።

ለአባቴ የነገርሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ በንባብ ተመስግኜ የመጣሁ ዕለት። አባቴ መላጊያውን አስቀመጠ።

"ሞራው ጨው አልነበረውም?"

"አልነበረውም።"

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። "ጻፊለት" አለኝ በመጨረሻ።

"የት ብዬ፣ አባዬ?"

አምስት ዓመት አብሮን ሲሠራ፣ አገርህ ከወሎ የትኛው ነው ብለን ጠይቀነው አናውቅም። ወሎ ብቻ ተብሎ ደብዳቤ አይደርስም።

"ቢሆንም ጻፊለት" አለ።

ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው አቀናሁት፤ የተሰረዘ ፊደል የለበትም። አሁንም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመሮው አጠገብ፣ ሞራ በጠጣ ወረቀት ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰኔ ሲመጣ የሁለቱንም መጠቅለያ እቀይራለሁ። ከሰላምታው በታች ያለው አንድ መስመር ነው፤

"አያ፣ ሞራው ጨው አልነበረውም፤ የቀመስኩት እኔ ነኝ።"