ወደ ጸበሉ የማይታጠፍ ዙር

ባለፈው እሑድ ልጄ ፍሬሕይወት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከጓደኞቿ ጋር በብስክሌት የምትዞርበትን መንገድ እያጠናች ነበር። እዚሁ ላሊበላ ያለ አንድ አስጎብኚ ለእንግዶቹ ያዘጋጀው ዙር ነው፤ ዳገቱ ሰው አይገድልም፣ ጥላም ውኃም አለው አለችኝ። ሰማያዊዋን መስመር በጣቴ ተከተልኳት። ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወደ ገነተ ማርያም ትታጠፋለች፣ በችግኝ ጣቢያው ሥር ታልፋለች፣ የባሕር ዛፉን ጫካ ይዛ በወንዙ ዳር ባለው መስክ ትመለሳለች። እያንዳንዱን መታጠፊያ ከልጄ ቀድሜ አወቅሁት። የአስጎብኚውን ስም አልጠየቅኋትም። ሲሳይ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሲሳይ የካህን ልጅ፣ ራሱም ዲያቆን፤ እኔ የገበሬ ልጅ። አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። ሁለታችንም ሥራ አልነበረንም። የእንግዳ ማረፊያ የነበራቸው እትዬ ዘነቡ ፈረንጆች ትተዋቸው የሄዱ ሁለት ብስክሌቶች ነበሯቸው። ሽማግሌውም ጎረምሳውም ሳይማረር ግማሽ ቀን የሚዞርበትን መንገድ አጥንቶ ላመጣ ሰው እንግዶቹን የመምራቱን ሥራ እንደሚሰጡ ነገሩን። የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። እኛ ደግሞ አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ ልንሠራ ተማማልን።

ማጥናቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሲሳይ አንዴ ቅዳሴ፣ አንዴ ማኅሌት እያለ ያመልጠኛል። የላስታን ምድር ለሚያውቅ ሰው መካከለኛ ዳገት መፈለግ ቀልድ ነው፤ እኛ ዘንድ መንገድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። መላውን ያገኘሁት ከአህያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ተጭነው ወደ ገበያ የሚመጡትን አህዮች ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። የተጫነች አህያ ሳትቆም የወጣችውን ዳገት እጽፈዋለሁ፤ የቆመችበትን ከዙሩ አወጣዋለሁ። ባለ አህዮቹ መጀመሪያ ሌባ መስያቸው ነበር፣ በኋላ ግን «የአህያ ጸሐፊ» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። ጥላው፣ ድልድዩ፣ የሚናከሱት ውሾች ሳይቀሩ ደብተሬ ላይ ሰፈሩ። ያለ አህያ ምክር ያስገባሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ገደል ሥር ያለ ጸበል። ሕፃን ሆኜ ታምሜ እናቴ አዝላ ወስዳ ያስጠመቀችኝ እዚያ ነው፤ ዙሩ ሳይነካው እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

በመስከረም መጨረሻ ጠዋት መንገዱን አንድ ጊዜ ፈትነን፣ እኩለ ቀን ላይ ደብተሩን ለእትዬ ዘነቡ ልናስረክብ ተነሣን። የአንደኛው ብስክሌት ካቴና ስለተበጠሰ በቀረችው እንደ በቅሎ በየተራ እየወጣን፣ አንዳችን በእግር እየተከተልን ሄድን። ገብሱ እሸት ይዟል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጎማው የረገጠው ሣር ይሸታል። ጸበል የሚጠጣው እህል ሳይቀመስ ነውና ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ስንመለስ የምንበላውን በሶ ማታውኑ በጨርቅ ቋጥሬ አሳድሬ፣ ጠዋት ከደብተሩ ጋር ብስክሌቷ ላይ አስሬዋለሁ።

ከጸበሉ በላይ ስንደርስ ሲሳይ ወረደና አንገቱን ደፋ።

«አንተ ውረድ፤ እኔ እህል ቀምሻለሁ» አለኝ። «ጠዋት አንተ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከበሶዋ ቆረስ አደረግሁ።»

«ዲያቆን ሆነህ?»

«ምን ላርግ ወንድሜ፣ ሥጋ ለባሽ ነኝ። ለእኔም ጠጣልኝ፤ ብስክሌቷን እጠብቃለሁ።»

እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት። ስለ እሱም አማትቤ ጠጣሁ። ተመልሼ ስወጣ ሲሳይም ብስክሌቷም የሉም። መጀመሪያ ገደል የገባ መስሎኝ ስሙን እየተጣራሁ ታች ታቹን ፈለግሁት። በኋላ ጭቃው ላይ የጎማዋን መስመር አየሁ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ከተማ ሄዷል።

በባዶ ሆዴ ያን ሁሉ ዳገት በእግሬ ወጥቼ ስደርስ እትዬ ዘነቡ በረንዳው ላይ ደብተሬን ያገላብጣሉ። ስሜ የነበረበት የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥሏል።

«አንተማ ሰልችቶህ ትተኸው ሄድክ አሉ» አሉኝ። «ጓደኛህ ብቻውን ለፋ።»

ጽሑፉ የእኔ እጅ ነው አልኳቸው።

«እኔ እየነገርኩት እሱ ጻፈ» አለ ሲሳይ፣ ምስባክ በሚያሰማበት በዚያ በረጋ ድምፁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ዲያቆን ይዋሻል ብለው እንዴት ያስቡ? ዘወር ስል ዓይኔ ከጠረጴዛው ጥግ በሶው ላይ ዐረፈ። ቋጠሮው እኔ እንደቋጠርኩት ነው፤ አልተፈታም። ጠዋት እህል አልቀመሰም ነበር። ሥራውን መውሰዱ ይበቃው ነበር፤ እንዳዝንለት ማድረጉ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ያኔውኑ ጋቢዬን ይዤ ወደ ጋሸና ወጣሁ፤ ከከባድ መኪና ሾፌሮች መሀል በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ስድስት ዓመት ቆየሁ። ከተመለስኩም በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን እንሻገራለን። ይቅር በለው ይሉኛል። አላልኩትም።

ፍሬሕይወት «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ስትለኝ መስመሯን ለሦስተኛ ጊዜ እያየኋት ነበር። የአህዮቼ ዳገቶች አሉ፣ ድልድዩ አለ። ጸበሉ ጋ ግን መስመሯ አትታጠፍም፤ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ከደብተሬ ያን አንዱን ብቻ አስቀርቶታል። ለምን እንዳስቀረው ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የሠራብኝን ረስቶታል እያልኩ ነበር እስከ ዛሬ የምናደደው። ለካ እሱም ወደዚያ መውረድ አይችልም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም።

«እዚህ ጋ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ጸበል አለ» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ። «እህል ሳትቀምሺ ሂጂና ጠጪ። አያትሽ እኔን ያስጠመቀችኝ እዚያ ነው።»

«ብስክሌቷንስ ከማን ጋር ልተዋት?»

«ይዘሻት ውረጂ» አልኳት።