ኖተሩ ዝም አላለም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ፣ በወጣትነቴ በከባድ መኪና መንገድ ላይ የሠራሁትን ጉድ ሳይቀር አውጥቼ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ሳል ይይዘኝ ነበር። ሳሉ የውሸት ነው። እሳቸው ደግ ሰው ስለሆኑ «ውሃ ጠጣ ልጄ» ይሉኛል፤ በእሳቸው ዕድሜ ላይ ያለሁ ልጅ! ዛሬ ውሃዬን አስቀድሜ ጠጥቻለሁና እናንተ ስሙኝ።

ተካ እባላለሁ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደብ ድረስ ስነዳ ኖሬ ወገቤ ሲለግም እዚሁ ቀረሁና የትራንዚት ሥራ ያዝኩ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከጉምሩክ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ስለሆነ በቋንቋው መጣላት እችላለሁ፤ ማፍቀር አልችልም። ማፍቀሩንም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሚስቴ ከሞተች ቆይቷል። ልጄ አዳማ ናት፤ በበዓል በበዓል ትደውላለች፣ እኔም በበዓል በበዓል ደህና ነኝ እላታለሁ። በተረፈው ጊዜ የማወራው ከማራገቢያው ጋር ነው። እሱም መብራት ሲጠፋ ያኮርፈኛል።

ብርቄ ወደ እኔ የመጣችው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሐበሻ ስትፈልግ ሰው ጠቁሟት ነው። አንድ ነጋዴ ቤት ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ናት፤ እዚያ ቤት ስትገባ ገና ልጅ ነበረች፣ እኔ ሳውቃት ፀጉሯ ሸብቷል። ዕረፍቷ ዓርብ ከምሳ በኋላ ብቻ ነው። የምትተኛው ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጥግ፣ በር በሌላት፣ መጋረጃ ብቻ ባላት ቦታ ነበር። ያጠራቀመችውን ሁሉ ይዛ ፔካ 12፣ መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ በሚወጡበት መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ልትገዛ ተስማምታለች። ለሹፌሮች ምግብ እያበሰለች ልትኖርበት ነው። ስለ ምግቡ ግን ብዙም አታወራም። የምታወራው ስለ በሩ ነበር።

«ከውስጥ የሚቀረቀር በር እኮ ነው ጋሼ! ማንም ሳያንኳኳ የማይገባበት!»

ገና ቤቱን ሳትይዝ ጓጉንቸር ገዝታ ነበር።

እዚህ አገር ቤት ሲሸጥ ውሉ የሚጸናው ኖተር የሚሉት የሕግ ሰው ዘንድ ሲፈረም ነው። የእኛ ኖተር ቢሮው ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ኤምባሲዎቹ በሚበዙበት በኩል ነበር። ብርቄ በሥራ ሰዓት ስልክ አይፈቀድላትም፤ ፈረንሳይኛም አታውቅም። ስለዚህ ፋይሉ ላይ የተጻፈው የእኔ ስልክ ቁጥር ነው። ይህን ያዙልኝ። ኖተሩ ለብርቄ የሚለው ነገር ሁሉ በእኔ ጆሮ ገብቶ በእኔ አፍ የሚወጣ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ኖተሩ በእውነት ዘገምተኛ ነበር፤ ለዚህ እግዜር ምስክሬ ነው። የይዞታው ማረጋገጫ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልመጣም ይላል። ሲመጣ ማኅተሙ ጎደለ ይላል። ከቀትር በኋላማ ማን ይገኛል? ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጋደም ብሏል። እየሄድኩ ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ላ ሰሜን ፕሮሼን»፣ የሚመጣው ሳምንት ማለት ነው። ብርቄ ከፈረንሳይኛ የምታውቃት እሷን ብቻ ሆነች።

ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። የየመን ሰዎች እቶን ውስጥ የሚጠብሱትን ዓሣ ከነቂጣው ይዛ፣ ደግሞ ለአዲሱ ቤት የገዛችውን አንድ ዕቃ በጉያዋ ሸጉጣ። አንድ ዓርብ ሳፋ፣ አንድ ዓርብ መጋረጃ፣ አንድ ዓርብ አምፖል። እመቤቷ እንዳታይባት እኔ ዘንድ ነው የምታስቀምጠው። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ጋሼ፣ ሰውዬው ምን አለ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ፣ አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ፣ የሌለ ፋይል እያገላበጥኩ፣ በኖተሩ ድምፅ «ላ ሰሜን ፕሮሼን» እላለሁ። ብርቄ ግድግዳ ይዛ ትስቃለች።

«ይተዉኝ ጋሼ! ሆዴን!»

«ሳቂ አንቺ። ይህ ሰው ሰርጌ ላይ ቢጠራ ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«ሰርግዎ? ደግሞ ማን ሊሰጥዎ?»

«ምን ጎደለኝ? ጥርስ እንደሆነ አለኝ።»

«ስንት ቀረ?»

«ለዓሣ የሚበቃ።»

እንዲህ ነበርን። ክፍሌ የእሷ ቤት ዕቃ ሞልቶት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳፋዋንና መጋረጃዋን እያየሁ ዓርብን እጠብቃለሁ። ስትሄድ ዓሣው ይሸታል፤ ሽታው እስኪጠፋ መስኮቱን አልከፍትም ነበር። አያችሁ፣ በኖተሩ የምስቀው እኔ ነኝ።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እዚህ አገር የሚዘጋው ዓርብ ነው፣ እሁድ ቢሮ ክፍት ነው። የኖተሩ ጸሐፊ ናት፤ ማዳም ነው የምንላት።

«ሙሲዬ ተካ፣ ሁሉም አልቋል። ሴትየዋ መጥታ ትፈርም። ሻጩ ወደ ውጭ ሊጓዝ ነው፣ ብዙ አይጠብቀንም።»

«ዊ ማዳም» አልኩ። ዘጋሁ።

የነጋዴው ቤት ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ተነሥቼ ብሄድ፣ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ «ብርቄን ጥራልኝ» ብል ይበቃ ነበር። ሄድኩ? አልሄድኩም። ዓርብ ስትመጣ እነግራታለሁ፣ ደስታዋን ፊት ለፊት ልየው አልኩ። ሰበብ ስፈጥር ሁልጊዜ የክት ልብስ አለብሰዋለሁ።

ዓርብ መጣች። መጋረጃውን ከፌስታሉ አውጥታ ግድግዳዬ ላይ ዘረጋችና «ቀለሙ አይደምቅም?» አለችኝ። ቀጥላ ያንኑ ጠየቀችኝ፦ «ሰውዬውስ ምን አለ?» ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ዓርብ አየሁት። እሷ ፔካ 12 በሯን ዘግታ፣ ለሹፌሮች ወጥ እየጨለፈች። እኔ እዚህ፣ ማራገቢያዬን እያየሁ። ጉዳይ ሲያልቅ የጉዳይ ሰው ማን ይጠይቀዋል? እጄ ወደ መነጽሬ ሄደ። አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አወረድኩት። አውራ ጣቴን አራስኩ።

«ላ ሰሜን ፕሮሼን።»

ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ካሳቅኋት ሁሉ የዚያን ቀን የበለጠ አሳቅኋት።

አንዲት ዓርብ ብቻ ነው አልኩ። አንዲት ዓርብ ማንን ትጎዳለች? በሳምንቱ መካከል ማዳም ደግማ ደወለች። ቁጥሯን አይቼ ስልኩን እንደ ሕፃን ትራሱ ሥር አስተኛሁት። እስኪበቃው ጮኸና ተወኝ።

በቀጣዩ ዓርብ ብርቄ አልሳቀችም። ዓሣውን አስቀምጣ እጇን አሳየችኝ፤ ጣቶቿ አብጠዋል።

«ትናንት የእመቤቴ ትልቁ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ረገጠኝ። አላየኝም እኮ፣ በምን ያየኛል? መተላለፊያ ላይ ነው የምተኛው። ደከመኝ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ በሬን ዘግቼ ብተኛ!»

ያን ጊዜ መልእክቱ አፌ ውስጥ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ሻይ ቀዳሁላት። «አይዞሽ» አልኳት። «እሁድ አስፈቅደሽ ነይ፤ አብረን እንሄዳለን። እኔ ተካ እጮህበታለሁ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። እያወቅሁ ጀግና ሆንኩባት። ከዋሸሁት ሁሉ ይህኛው ነው ዛሬም ብቻዬን ሳለሁ ፊቴን የሚያቃጥለኝ።

እሁድ ሄድን። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ ነበር። ማዳም ስታየን ቀና አለችና በፈረንሳይኛ ተናገረች፦ ሻጩ ሐሙስ ዕለት ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጦ ሄዷል። ያስያዘችው ገንዘብ ሙሉውን ይመለስላታል። ቀጥላም እኔን እያየች፣ «ሁሉም አልቋል ብዬ ለእርስዎ ነግሬዎት አልነበረም? ደግሜም ደወልኩ፤ አላነሡም» አለች።

ብርቄ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ምን አለች ጋሼ?»

አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ያለሁት ድልድይ እኔ ብቻ ነኝ።

«ቤቱ ተሸጠ ትላለች» አልኩ። «ጥፋቱ የቢሯችን ነው፣ የዘገየነው እኛ ነን፣ ይቅርታ ትላለች።»

ብርቄ ቆመች። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የማዳምን እጅ ያዘችና በአማርኛ፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ተላላኪ ነሽ» አለቻት። ማዳም አማርኛ አታውቅም፤ ግን ፊት ታውቃለች። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ወደ ብርቄ ዞራ በሶማልኛ «አባዮ...» ብላ ጀመረች፤ እኅቴ ማለት ነው። ብርቄ ሶማልኛ ትሰማለች! «መርሲ ማዳም፣ መርሲ ቦኩ!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። በዚህ ወገቤ! ብርቄን በክንዷ ይዤ በሩን ከፍቼ ወደ ፀሐዩ አወጣኋት።

መንገድ ላይ የምታጽናናው እሷ ነበረች። «እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሼ። ስንቴ ተመላለሱልኝ። ያን ሰውዬ ግን እግዜር ይየው።»

«አሜን» አልኩ። አሜን አልኩ እኔ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓርቦች መጣች። የምትጠይቀኝ ነገር ግን አልነበራትም። አንዴ ላስቃት ብዬ መነጽሬን ባወርድ «ይተዉት ጋሼ» አለችኝ። ሌላ ቤት ፈለግን፤ ዋጋው ከእሷ አቅም እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ ገንዘቡን ለወንድሟ ልጆች ላከችው። አንድ ዓርብ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ሳፋውን፣ መጋረጃውን፣ አምፖሉን ያዘች። ጓጉንቸሩን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው።

«ይህ ለእርስዎ ይሁን። የእርስዎ በር እንደሆነ በሽቦ ነው የሚታሰረው።»

ከዚያ ቀረች። ለዓርቧ ብዬ የሠራሁት ሥራ ዓርቧን ራሷን ወሰዳት።

አንዴ በአውቶቡስ ፔካ 12 ሄጄ ቤቱን አየሁት። የጎማ መጋዘን ሆኗል። በሩን ነቅለው ድንጋይ ላይ አጋድመውታል፤ ጎማ ጠጋኙ ተጋድሞ ያርፍበታል። ቁጭ ልበልበት እንዴ ብዬ ነበር፤ እግሬ ደክሞት ነበር። አልተቀመጥኩም። ያንን እንኳ አልደፈርኩም።

ብርቄ ዛሬም እዚያው ነጋዴ ቤት ናት፤ ዘበኛው ይነግረኛል። አሁን እመቤቷ ስልክ ፈቅዳላታለች፤ ቁጥሯ አለኝ። ዓርብ ዓርብ አወጣዋለሁ። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ቁጥሮቹን እነካለሁ፣ የመጨረሻው ላይ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። ላ ሰሜን ፕሮሼን እላለሁ። ስንት ዓርብ የሳቅሁበት ሰው አሁን እኔ ነኝ፤ ያውም እሱ ቢዘገይም ደውሎ ነበር።

ብቸኝነት ነው ያደረገኝ ልበላችሁ? ብቸኛ እሷም ነበረች፤ እሷ ማንን ዋሸች? እርጅና ነው ልበል? ስዋሽ አፌ አልተንተባተበም። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ይቅር የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም። በሬን በእሷ ጓጉንቸር እየቆለፍኩ፣ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

መልእክቱ አሁንም አልደረሳትም። እንዲህ የሚል ነው፦ ብርቄ፣ ሁሉም አልቋል፤ ነይና ፈርሚ።